በአውራ ጣት የሚፈጭ እንክብል፦ የዶክተር ዊልያም አፕጆን ሕይወትና ሥራ

የመድኃኒት ሥራ ከኬሚስቱ ብልቃጥ ጀምሮ እስከ ሕመምተኛው ደም ድረስ የሚዘልቅ ረዥም ጉዞ ነው። በዚህ ጉዞ መካከል ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ጠባብ በር አለ፤ ይኸውም የተዋጠው እንክብል በሆድ ፈሳሽ ውስጥ ፈራርሶ በውስጡ የያዘውን መድኃኒት የሚለቅበት ደረጃ ነው። መድኃኒቱ የቱንም ያህል ፈዋሽ ቢሆን ይህን በር ካላለፈ ለሕመምተኛው ከተዋጠ ጠጠር አይሻልም። በሩን የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የተቀላቀሉት ረዳት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ሙጫው፣ ስኳሩ፣ ስታርቹና እነዚህን አንድ የሚያደርጋቸው የአሠራር ዘዴ ናቸው። ዛሬ በየትኛውም የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ የሙያ ክፍል የሆነውን ይህን ጉዳይ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የሕይወቱ ጥያቄ ያደረገ አንድ የገጠር ሐኪም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪክም እርሱ፣ ዶክተር ዊልያም ኢራስተስ አፕጆን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፕጆን በ1853 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በሚቺጋን ክፍለ ሀገር፣ ሪችላንድ በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዩራያ አፕጆን ከእንግሊዝ አገር የፈለሱ ሐኪም ሲሆኑ፣ በፈረስ ጀርባ ከመንደር መንደር እየዞሩ በሽተኛ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው ብዙ ነበሩ፤ ሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ የቤተሰቡ ውርስ ሙያ ስለነበረ ከልጆቹ መካከል ይህንኑ መንገድ የተከተሉት ጥቂቶች አልነበሩም። ዊልያምም በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1875 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ ሄስቲንግስ በተባለች ትንሽ ከተማ ተቀምጠው ለአሥር ዓመት ያህል የሐኪምነት ሥራቸውን ሲያከናውኑ ቆዩ።

በዚያ ዘመን ሚቺጋን ረግረጋማና አዲስ የሚቀና አገር ስለነበረ፣ የወባ ትኩሳት ሰፋሪውን ሕዝብ በየወቅቱ ያንቀጠቅጠው ነበር። መድኃኒቱ ከሲንኮና ዛፍ ልጣጭ የሚወጣው ኪኒን ነው። እግረ መንገድን ለማስታወስ ያህል፣ በአማርኛ ማንኛውንም የሚዋጥ ጠፍጣፋ መድኃኒት ክኒን ብለን የምንጠራው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ስም ተነሥተን ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ወደ አገራችን ገብቶ የዘመዶቹን ሁሉ ስም የጠቀለለ መድኃኒት እርሱ ነበርና። ኪኒን መራራ ነው፤ በዱቄት መልክ አፍ ውስጥ አስቀምጦ መዋጥ ለብርቱም ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ሐኪሙ በእንክብል መልክ ያዝዛል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የዚያ ዘመን መድኃኒት ቀማሚ እንክብል የሚሠራው በሚከተለው ዘዴ ነበር። የመድኃኒቱን ዱቄት በሙቀጫ ውስጥ ከሽሮፕ፣ ከሙጫ፣ ከግሉኮስ ወይም ይህን ከመሰለ አጣባቂ ነገር ጋር አድርጎ ጠንካራ ሊጥ እስኪሆን ድረስ ያሸዋል። ሊጡን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ እያንከባለለ እንደ ገመድ ያረዝመዋል፤ ከዚያም እኩል እኩል አድርጎ ይቆራርጠዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ እመቤቲቱ ዳቦ ቆሎ ከምታሰናዳበት ጥበብ እምብዛም አይለይም። ልዩነቱ የተቆረጠው ሁሉ በጣት እየተድበለበለ ኳስ መሆኑና ከምጣድ ይልቅ በአየር መድረቁ ነው። በትልልቅ ፋብሪካዎችም ቢሆን መሣሪያው ከመተለቁ በቀር የአሠራሩ መሠረት ይኸው ሊጥ ነበር። እንክብሉ ከደረቀ በኋላ መራራነቱን ለመሸፈን፣ መልኩንም ለማሳመር በስኳር ወይም በጄላቲን ይለበሳል።

እንዲህ ያለው እንክብል በተሠራ ማግሥት ለስላሳ ነው። በመደርደሪያ ላይ ወራት ሲቆይ ግን ውኃው ቀስ በቀስ እየተነነ፣ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል የነበረው ሙጫ እየጠበቀ፣ በመጨረሻ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በሊጥነቱ ጊዜ በኃይል ስለታሸ በውስጡ አየር የሚያልፍበት ክፍተት እንኳን የለውም። በሽተኛው ይህን ሲውጠው የሆድ ፈሳሽ የሚያገኘው የውጭውን ገጽ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ እንክብሉ እንደገባ እንደሚወጣ ሐኪሞቹ ሁሉ የሚያውቁት፣ እርስ በርሳቸውም የሚያማርሩበት ነገር ነበር። ጉዳዩ የቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ አምስት ግሬን ኪኒን ሰጥቻለሁ ብሎ መዝገቡ ላይ ሲጽፍ በሽተኛው ደም ውስጥ የገባው ምናልባት አንድ ግሬን፣ ምናልባትም ምንም ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ ባይለቅ ሐኪሙ ልኩን ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ቀማሚ የመጣ ትኩስ እንክብል ቢገኝ ደግሞ ያው የተጨመረው ልክ በአንድ ጊዜ ተለቆ ጆሮ የሚያደነቁር፣ ዓይን የሚያጨልም መርዝ ይሆናል። ሐኪሙ የሚያዝዘው ቁጥር ትርጉም ያጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ዶክተር አፕጆን በሄስቲንግስ መኖሪያ ቤታቸው ጣሪያ ሥር በምትገኝ ክፍል ውስጥ ሙከራ የጀመሩት ይህን ችግር ለማስወገድ ነበር። ቀን በሽተኛ እያዩ በትርፍ ጊዜያቸው የደከሙበት ሐሳብ ሲገለጽ ቀላል ነው፤ ሊጡን ማስቀረት። እንክብል በመታሸት ፋንታ በመንከባለል ሊያድግ ይችላል ብለው ተነሡ። በተሽከርካሪ ድስት ውስጥ ጥቃቅን መነሻ ቅንጣቶች ይጨመራሉ። ድስቱ ሲዞር ቅንጣቶቹ ይንከባለላሉ፤ በላያቸው ጥቂት እርጥበት ይረጫል፤ ወዲያው የመድኃኒቱ ዱቄት ይነሰነሳል። እርጥቡ ገጽ ዱቄቱን ይይዛል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይረጫል፤ እንደገና ይነሰነሳል። እንዲህ እየተደራረበ እያንዳንዱ ቅንጣት የተፈለገውን ክብደት እስኪያገኝ ድረስ ያድጋል። ጣፋጭ ሠሪዎች በአኒስ ፍሬ ላይ ስኳር እየደራረቡ የሚያድበለብሉበት ጥንታዊ ጥበብ ከዚህ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። አዲሱ ነገር ስኳሩ በነበረበት ቦታ መድኃኒቱን ማስገባት፣ ይህንንም ሲያደርጉ የእርጥበቱንና የአጣባቂውን መጠን ሽፋኑ እንዳይፈርስ ከሚያስፈልገው በላይ አለማድረግ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ቆም ብሎ ሊመለከተው ይገባል። የዱቄት ክምችት ጥንካሬ የሚመነጨው ቅንጣት ከቅንጣት ጋር ከሚገናኝባቸው ድልድዮች ነው። ድልድዮቹ በበዙና በወፈሩ መጠን፣ በመካከላቸው ያለውም ባዶ ቦታ ባነሰ መጠን ጥንካሬው ይጨምራል። ሲታሽ የቆየ ሊጥ ባዶ ቦታው በሙጫ ስለተሞላ፣ ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ የተያያዘ አንድ አካል ይሆናል። በመንከባለል የተደራረበ ዱቄት ግን የሚነካካው በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ስለሆነ በመካከሉ ብዙ ክፍተት ይቀራል። ጥንካሬው ለመጓጓዣ የሚበቃ ያህል ብቻ ነው። ውኃ ሲነካው በክፍተቶቹ ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር እየተሳበ ወደ መሐል ይገባል፤ ጥቂቶቹ ድልድዮች ሲሟሙም እንክብሉ ወደ ዱቄትነቱ ይመለሳል። ዱቄት መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም ደግሞ ተራ ስሌት ያስረዳል። ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ኳስ፣ ወርዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ወደሆነ 1,000 ኳሶች ቢከፋፈል ፈሳሹን የሚነካው ገጽ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ወርዳቸው 0.06 ሚሊ ሜትር ወደሆነ አንድ ሚሊዮን ኳሶች ቢከፋፈል መቶ እጥፍ ይሆናል። ኖይስና ዊትኒ የተባሉት ሁለት ኬሚስቶች የጠጣር ነገር መሟሟት በምን ሕግ እንደሚመራ ያሳተሙት በ1897 ዓ.ም. ሲሆን፣ የገጹ ስፋት በቀመሩ ውስጥ ግልጽ ቦታውን ያገኘው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። አፕጆን ቀመሩ ሳይኖራቸው በጣታቸው ስሜት ነበር የሠሩት።

የአሠራሩ ባለቤትነት መብት በ1885 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ተመዘገበላቸው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1886፣ ከወንድሞቻቸው ከሄንሪ፣ ከጄምስና ከፍሬድሪክ ጋር በመሆን በአቅራቢያው በምትገኘው በካላማዙ ከተማ ውስጥ የአፕጆን የእንክብልና የጥራጥሬ መድኃኒት ኩባንያን አቋቋሙ። ሄንሪ ኩባንያው ገና ለጋ ሳለ ሞቱ፤ የቀሩት ሦስቱ ሥራውን ቀጠሉ።

አንድ ሐኪም የፈለሰፈውን ነገር ሌሎች ሐኪሞች እንዲያምኑት ማድረግ ከፈጠራው የማያንስ ሥራ ነበር። ገበያው በፊላደልፊያና በዲትሮይት በሚገኙ ታላላቅ ቤቶች የተያዘ ነበር፤ የእነርሱም በስኳር የተለበሰ እንክብል የሚያብረቀርቅና ዓይን የሚስብ ነው። የካላማዙው ኩባንያ የመረጠው ዘዴ ግን ክርክር ሳይሆን ትዕይንት ሆነ። ለየሐኪሙ ቤት የእንክብል ናሙና ከትንሽ የጥድ ጣውላ ጋር ይላክለታል። ሐኪሙ የሌላውን ፋብሪካ እንክብል በጣውላው ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ቢመታው እንክብሉ ሳይሰበር እንደ ምስማር እንጨቱ ውስጥ ይገባል። የአፕጆንን እንክብል ግን በአውራ ጣቱ ቢጫነው ዱቄት ይሆናል። እንክብል የሚፈጭ የአውራ ጣት ሥዕልም የኩባንያው መለያ ሆኖ ለብዙ ዓመታት በማስታወቂያዎቹ ላይ ሲወጣ ኖረ። ከዚህ የበለጠ አጭርና ዐይነ ግቡ ማስረጃ በመድኃኒት ንግድ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን ማስረጃው የተሟላ ነበር ማለት አይደለም። ይህንንም መናገር የሰውየውን ክብር አይቀንስም። አውራ ጣት ሆድ አይደለም፤ መዶሻም እንደዚሁ። በጣት መፈጨት የሚለካው የድልድዮቹን ጥንካሬ ነው እንጂ መድኃኒቱ መሟሟቱን አይደለም። በባሕርዩ ውኃ የማይወድ መድኃኒት የቱንም ያህል ደቅቆ ቢቀርብ በሆድ ውስጥ ተንሳፎ ወይም ተዘቅዝቆ ሊቀር ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በታላቅ ኃይል የተጨመቀ፣ በጣት ቀርቶ በጥርስም የማይሰበር ክኒን፣ በውስጡ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ ንጥረ ነገር ካለበት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይበታተናል። የአፕጆን ተፎካካሪዎች እንክብል ጥፋቱ መጠንከሩ ብቻ አልነበረም፤ ጠንክሮ ሳለ ከውስጡ የሚያፈርሰው አንዳች ረዳት ነገር ያልተሰጠው መሆኑ ነበር። ጥንካሬንና ፈጥኖ መፍረስን በአንድ አካል ውስጥ ማስማማት ይቻላል የሚለው ሐሳብ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከአንድ ትውልድ በኋላ ነው።

ደካማው እንክብል ሌላም ዕዳ ነበረበት። በጣት የሚፈጭ ነገር በባቡር ጉዞ፣ በጋሪ መንገጫገጭና በጠርሙስ ውስጥ በመጋጨትም ይፈጫል። ስለዚህ የአፕጆን እንክብሎች ሳይለበሱ አይሸጡም ነበር፤ ሥራውም የሚያዋጣው በጣም ደካማና በጣም ጠንካራ በተባሉት መካከል ባለች ቀጭን መስመር ላይ ሲሄዱ ብቻ ነው። ድስቱን የሚጠብቀው ሠራተኛ የእርጥበቱን ልክ የሚያውቀው በዓይኑና በመዳፉ ነበር። ጥቂት ቢያበዛ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ቢያሳንስ ዱቄቱ በድስቱ ግርጌ ሳይያዝ ይቀራል። ከዚህም በላይ በአንድ ድስት ውስጥ የሚያድጉት ሁሉ እኩል ክብደት እንዲኖራቸው ማድረግ ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ያም ሆኖ ኩባንያው በመጀመሪያው ዓመት የዋጋ ዝርዝሩ ላይ 186 ዓይነት እንክብሎችን ለመደርደር በቃ።

የአፕጆንን እንክብል በመጨረሻ ያሸነፈው የተቀናቃኞቻቸው ሊጥ ሳይሆን የመጭመቂያ መኪና ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ብሮክዶን በ1843 ዓ.ም. ዱቄትን በቅርጽ ውስጥ በመጨመቅ ክኒን የመሥራትን ዘዴ አስመዝግቦ ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናው እየተሻሻለ፣ ዋጋው እየረከሰ መጣ። መኪናው በደቂቃ የሚያወጣውን ለማውጣት ድስቱ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሚፈጨው እንክብል ከታላቅ ፈጠራነት ወደ ተራ ሸቀጥነት ወርዶ ነበር። በስሙ የተጠራው ኩባንያ ይህን ሳይዘገይ መረዳቱ ለአፕጆን አስተዋይነት ምስክር ነው። በ1902 ዓ.ም. የኩባንያው ስም እንክብልና ጥራጥሬ የሚለውን ትቶ በአጭሩ አፕጆን ኩባንያ ሆነ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር አፕጆን የወንድሞቻቸውን ድርሻ ገዝተው ኩባንያውን በራሳቸው እጅ አደረጉ። ሃያ ሦስት ዓመት የዘለቀ የወንድማማቾች ሽርክና ሲፈርስ ቅሬታ አይኖርም ማለት ዘበት ነው፤ ሆኖም ኩባንያው ከዚያ በኋላ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚመራ ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት የኩባንያውን ካዝና የሞላው ፌኖላክስ የተባለው ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ነው። በ1908 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ይህ መድኃኒት ፌኖልፍታሊን ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ሲሆን፣ መልኩም ሆነ ጣዕሙ እንደ ከረሜላ ነበር። እዚህ ላይ ረዳት ንጥረ ነገሮቹ የተመረጡት መድኃኒቱን ለመልቀቅ ብቻ ሳይሆን ምላስን ለማባበልም ጭምር እንደነበር ልብ ይሏል። መራራውን የሚሸሽ ሕመምተኛ በደስታ ተቀበለው። መድኃኒትን ከጣፋጭ ጋር ማመሳሰል ግን፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ የራሱ አደጋ አለው፤ ፌኖልፍታሊንም በኋላ ዘመን ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለተሠጋ በ1999 ዓ.ም. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ መድኃኒቶች ውስጥ በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ወጥቷል። በአፕጆን ዘመን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ከንግዱ ጎን ሌላ ዘርም ተዘርቶ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ሄል የተባሉት ኬሚስት ተቀጠሩ። እስከዚያ ድረስ የኩባንያው ዕውቀት የባለሙያዎቹ እጅ ልምድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምርምር ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። ከአንድ ጣሪያ ሥር ካለች ክፍል የጀመረው ሙከራ እንዲህ እያደገ ሄዶ ኩባንያው በኋላ በስቴሮይድ ሆርሞኖች ምርት በዓለም ከታወቁት አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ፌኖላክስና ሌሎቹ ኩባንያውን ባበለጸጉበት ዘመን እንክብልን በድስት የማሳደግ ጥበብ ፈጽሞ የተረሳ ይመስል ነበር። እንደገና የተነሣው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። በ1952 ዓ.ም. ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የፊላደልፊያ ኩባንያ ስፓንሱል የተባለ መድኃኒት አወጣ። በአንድ የጄላቲን ቀፎ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። መነሻቸው የስኳርና የስታርች ቅንጣት ነው፤ በላዩ መድኃኒቱ በድስት ውስጥ ተደርቦበታል፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ሳይለበሱ፣ ሌሎቹ በስብና በሰም እየወፈረ በሚሄድ ልባስ ተለብሰዋል። ያልተለበሱት ወዲያው፣ ቀጭን ልባስ ያላቸው ቆይተው፣ ወፍራም የለበሱት ከብዙ ሰዓት በኋላ መድኃኒታቸውን ይለቃሉ። አፕጆን ድስቱን ያሽከረከሩት መድኃኒቱ ፈጥኖ እንዲለቀቅ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ያንኑ ድስት ያሽከረከሩት በታቀደ ሰዓት እንዲለቀቅ ነው።

ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጥቃቅን እንክብሎችን የመሥራት ሌላ ዘዴ ተስፋፋ። እርጥብ የተደረገው ድብልቅ በወንፊት መሰል ቀዳዳዎች ተገፍቶ እንደ ፓስታ ይወጣል፤ ከዚያም በፍጥነት በሚዞር ሸካራ ሰሌዳ ላይ ተቆራርጦ ይድበለበላል። ሊጡና ገመዱ በአዲስ መኪና ተመለሱ ማለት ነው! ከእነርሱም ጋር የአፕጆን ዘመን ችግር ተመለሰ። ለዚህ ሥራ እጅግ የሚስማማው ረዳት ንጥረ ነገር ከእንጨት ጭረት የሚሠራው ማይክሮክሪስታሊን ሴሉሎስ ነው። ውኃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ ሲገፋ አይሰነጠቅም፤ ሲድበለበል ጥሩ ኳስ ይሆናል። ነገር ግን ሲደርቅ ይኮማተርና ውኃ ውስጥ ገብቶ እንኳን የማይፈርስ አካል ይሆናል። መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ ከሆነ በክፍተቶቹ እየተሸለከለከ ይወጣል፤ የማይሟሟ ከሆነ ግን በውስጡ ታስሮ ይቀራል።

መፍትሔው የተገኘው እንደገና በረዳት ንጥረ ነገሮች ምርጫ ነው። ከሴሉሎሱ ከፊሉን በላክቶስ ወይም በማኒቶል ቢተኩት፣ እነዚህ ስኳሮች ቀድመው ሲሟሙ የውኃ መተላለፊያ ትተው ይሄዳሉ። እንደ ክሮስካርሜሎስና ክሮስፖቪዶን ያሉ ውኃ ሲያገኙ የሚያብጡ ወይም ውኃ የሚስቡ ንጥረ ነገሮች ቢጨመሩ እንክብሉን ከውስጡ ይገፉታል፤ ምንም እንኳን በሴሉሎስ ጥብቅ አካል ውስጥ ሥራቸው በተራ ክኒን ውስጥ የሚሠሩትን ያህል ባይሆንም። እንደ ፖሊሶርቤት ያለ አረፋ ሰጪ ነገር ውኃ የሚፈራውን የመድኃኒት ገጽ ያረጥበዋል። ሴሉሎሱን ጨርሶ ትቶ ከባሕር ዕፅዋት በሚወጣው ካራጊናን የተጠቀመ እንደሆነ ደግሞ በፍጥነት የሚፈርስ እንክብል ይገኛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ንጥረ ነገሩን ሳይለውጡ ማርጠቢያውን መለወጥ ነው። በንጹሕ ውኃ ፋንታ ውኃና አልኮል ተቀላቅለው ቢጨመሩ፣ ሲደርቅ የመኮማተሩ ኃይል ስለሚቀንስ፣ እንክብሉ ክፍተት የበዛበትና ደካማ ሆኖ ይወጣል፤ ውኃ ሲያገኝም ይፈርሳል። ይህ በሄስቲንግስ ጣሪያ ሥር ሊጡን አስወግዶ፣ እርጥበቱን መጥኖ ክፍተትን ለማትረፍ ከተደረገው ጥረት ጋር ሲነጻጸር በመሠረቱ አንድ ሐሳብ ነው፤ ምንም እንኳን የኋለኞቹ ከአፕጆን ቀድተዋል ማለት ማጋነን ቢሆንም።

ረዳት ንጥረ ነገር የሚባለው ነገር በእውነቱ ረዳት ብቻ አለመሆኑን ዓለም በግልጽ ያየው በ1968 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይን የሚያዘጋጅ ፋብሪካ በቀፎው ውስጥ መሙያ የነበረውን ካልሲየም ሰልፌት በላክቶስ ተካው። የመድኃኒቱ መጠን አንዲት ሚሊ ግራም እንኳን አልተለወጠም። ነገር ግን ለዓመታት በዚያው ልክ ደኅና የኖሩ በሽተኞች መንገዳገድ፣ መፍዘዝና ነገር ድርብ ሆኖ መታየት ጀመራቸው። ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀርላቸው የነበረውን ላክቶሱ ስለለቀቀው በደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ከልክ አልፎ ነበር። በአሜሪካ የመድኃኒት መዘርዝር ውስጥ ክኒን በፈሳሽ ውስጥ መሟሟቱ በመሣሪያ እንዲለካ የሚያዝዝ ደንብ የገባውም በ1970 ዓ.ም. ነው። አውራ ጣቱ ለዘመናዊው የላቦራቶሪ መሣሪያ ቦታውን ለመልቀቅ ሰማንያ አምስት ዓመት ወሰደበት።

ወደ ባለ ታሪኩ እንመለስ። አፕጆን በዕድሜያቸው አጋማሽ ከሀብታቸው ጋር የከተማቸውም ጉዳይ ተካፋይ ሆኑ። ካላማዙ በ1918 ዓ.ም. በተመረጡ ኮሚሽነሮችና በተቀጠረ ሥራ አስኪያጅ የምትተዳደርበትን አዲስ ሥርዓት ስትጀምር፣ በዚያ ሥርዓት የመጀመሪያው ከንቲባ ሆነው አገለገሉ። በ1925 ዓ.ም. የከተማው ነዋሪዎች ለጋራ ጉዳይ የሚረዱበትን የካላማዙ በጎ አድራጎት ድርጅት በ1,000 ዶላር ስጦታ አስጀመሩ፤ ድርጅቱ ዛሬም አለ። አበባ፣ በተለይም ፒዮኒ የተባለውን ሰፊ ቅጠል ያለውን አበባ በገጠር ርስታቸው ላይ በብዙ ዓይነት ያለሙ ነበር። የመጀመሪያዋ ባለቤታቸው ራሔል ከሞቱ በኋላ በ1913 ዓ.ም. ካሪ ጊልሞር የተባሉትን የጎረቤታቸውን መበለት አገቡ። የእንጀራ ልጃቸው ዶናልድ ጊልሞር የልጃቸውን የጄንቪቭን እጅ ይዞ በኋላ የኩባንያው ታላቅ ሹም ለመሆን በቃ። አንድ ልጃቸው ሃሮልድ ግን በ1928 ዓ.ም. ስለሞተ የፕሬዚዳንትነቱ ሥልጣን በ1930 ዓ.ም. ለወንድማቸው ለሄንሪ ልጅ ለሎረንስ አፕጆን ተላለፈ።

በዚያው ሰሞን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን መታት። ሥራ ያጡት ሰዎች በየከተማው ሲበዙ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡት ዶክተር አፕጆን ከካላማዙ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ መሬት ላይ ከፋብሪካ የተቀነሱ ሠራተኞች አርሰው የሚበሉበት፣ ቢያንስ ለቤተሰባቸው ድንችና ጎመን የሚያወጡበት እቅድ አወጡ። በ1932 ዓ.ም. ለዚሁ ዓላማ የአደራ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ መደቡለት። የሥራ አጥነትን ምክንያትና መድኃኒት የሚያጠናው፣ በስማቸው የተጠራው ተቋም በ1945 ዓ.ም. የተቋቋመው ከዚሁ የአደራ ማኅበር ነው። እቅዳቸው ፍሬ ሲያፈራ ግን አላዩም፤ በዚያው በ1932 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ኩባንያቸው ከእርሳቸው በኋላ ስድሳ ሦስት ዓመት ራሱን ችሎ ኖሮ በ1995 ዓ.ም. ፋርማሲያ ከተባለው የስዊድን ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱንም ፋይዘር ገዛቸው። በካላማዙ አጠገብ፣ በፖርቴጅ ከተማ የተሠራው የቀድሞው የአፕጆን ፋብሪካ በፋይዘር እጅ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ በታኅሣሥ ወር 2020 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባትን የጫኑት የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪናዎች የወጡትም ከዚያው ግቢ ነው። በአፕጆን ስም ተለይቶ የነበረው የፋይዘር ክፍል ከዚያ አንድ ወር አስቀድሞ፣ በኅዳር 2020 ዓ.ም.፣ ማይላን ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ቪያትሪስ የሚል አዲስ ስም ያዘ።